ሦስት ሴኮንድ ከምናምን

ሰኔ 20 ቀን 2017፣ ዓርብ

አንተ! አዎ፣ አንተን ነው፤ ደብተሬን ከአግዳሚው ስር ጎትተህ የምታነበው። ያልታወቀብህ መስሎሃል? ሁልጊዜ በጀርባው ነው የማስተኛው፣ ትናንት በፊቱ ተደፍቶ አገኘሁት። ዝናብ ሲመጣ ጥበቃ ቤት የሚጠለል ሰው ሞልቷል። ተጠልሎ የዘበኛ ደብተር የሚበረብር ግን... ካነበብክ አይቀር እስከ መጨረሻው አንብብ። ግማሹን አንብበህ ሄደህ እንዳታወራብኝ።

ዛሬ ምንም የተለየ ነገር የለም። ፈተና ነው። ሁለት ሰዓት ላይ ደወልኩ። ደወላችን የአሮጌ አይሱዙ ቸርኬ ነው፤ ዛፉ ላይ ተሰቅሎ በብረት ይመታል፣ ጂንካ ግማሿ ትሰማዋለች። ተማሪው ሰምቶ ገባ። ቲቸር ፍሥሐ ሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ ከች አለ፣ ጃንጥላውን እያወዛወዘ። ፊዚክስ ነው የሚያስተምረው። ጊዜ፣ ፍጥነት፣ ምናምን።

“ጋሽ ለማ፣ ሰዓትዎ ይቀድማል” ይለኛል ደግሞ።

የኔ ሰዓት? በየማለዳው ከሬዲዮ ጋር እያስተያየሁ የማስተካክለው?

ሰኔ 23፣ ሰኞ

ሩቲ ትናንት ከትውልድ መንደራችን ከገዘር ተመለሰች። የእህቴ የአስካለ ልጅ ናት፤ ዘንድሮ አስረኛን ትጨርሳለች። ከሁለት ልጆች ጋር ቤት ተከራይታ ነው የምትማረው። በየሳምንቱ እናቷ ጋ ሄዳ የሳምንት ቆጮዋን በፌስታል አስራ በሚኒባስ ይዛ ትመጣለች። የገጠር ልጅ ጂንካ የሚማረው እንዲህ ነው። ቆጮው ካለ ትምህርቱ አለ። ከሌለ የለም።

ለኔም ቁራሽ ታመጣለች።

አስካለ ባሏ ከሞተ አራት ዓመቷ። የደረሱት እንሰቶች ዘንድሮ ያልቃሉ አለችኝ ሩቲ። ከዚያ በኋላ ያሉት ባሏ ከመሞቱ ዓመት ቀደም ብሎ የተከላቸው አርባዎቹ ናቸው። ገና ናቸው፤ እንሰት ስድስት ዓመት ትፈልጋለች። አንድ ዓመት ቢታገሷቸው ሩቲን እስከ አስራ ሁለተኛ፣ ታናናሾቿንም ጭምር ያበላሉ። አርባ እንሰት ማለት ለነሱ ጎተራ ነው።

ሬዲዮው ዛሬ ምን አለ? ምድር ዘንድሮ ፈጥናለች። ሐምሌ ላይ ሦስት ቀኖች ከወትሮው ያጥራሉ። ሐምሌ 2፣ ሐምሌ 15፣ ሐምሌ 29። ደስ አለኝ። ለምን እንደሆነ እንጃ... ማንም ስለማያወራው ነገር እኔ ቀድሜ አውቄ ነበራ! ቤተ መጻሕፍቱ ሲጸዳ አቃጥል ብለው የሰጡኝን መጻሕፍት አንዱንም አላቃጠልኩም። ስምንተኛ ክፍል ያቋረጠ ዘበኛ አልጋው ስር ስንት ፊዚክስ እንዳለው ማን ያውቃል?

ሰኔ 25፣ ረቡዕ

ተዋረድኩ።

ሩቲ ጠየቀችኝ፣ “አጎቴ፣ እንዴት ነው ምድር የምትፈጥነው? ማን ገፍቷት?” ጥሩ ጥያቄ ነው። ዳይሬክተሩ የለም፣ ቢሮው ክፍት ነው፣ የሚሽከረከር ወንበር አለው። ተቀመጥኩ። በሁለት እጄ ሁለት ብሎኬት ቁራጭ ያዝኩና እጄን ዘረጋሁ። ግፊኝ አልኳት። ቀስ ብሎ ዞረ። እጄን ወደ ደረቴ ስሰበስብ ወንበሩ በራሱ ፈጠነ። ማንም አልገፋም! እንደገና ስዘረጋ ዘገየ። ምድርም እንደዚህ ናት አልኳት። ነፋሱ፣ ውሃው፣ ውስጧ ያለው የቀለጠው ነገር ቦታ ሲቀያየር እጅ እንደመሰብሰብና እንደመዘርጋት ነው። ጨረቃም ትጎትታታለች። በረጅሙ ካየነው እንዲያውም እየዘገየች ነው የመጣችው፤ ድሮ፣ ሰው ሳይኖር፣ ቀኑ ሃያ ሁለት ሰዓት ነበር። የአሁኑ ትንሽ ሩጫ ነው። ገባት። ፊቷ ላይ አየሁት።

እጄን እንደዘረጋሁ፣ ብሎኬቴን እንደያዝኩ፣ በር ላይ ፍሥሐ ከሦስት መምህራን ጋር።

“ጋሽ ለማ፣ ዛሬ ዳይሬክተር ሆነዋል እንዴ? ወይስ ሊበሩ ነው?”

ሳቁ። እስከ ማታ በሩን ስከፍትላቸው “ፕሮፌሰር” ሲሉኝ ዋሉ። አንዳቸውም ምን እየሠራህ ነው ብሎ አልጠየቀኝም።

ጂንካ ከምድር ወገብ አጠገብ ስለሆነች ወደ ምሥራቅ የምትሮጠው በሰዓት ከአንድ ሺህ ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከአዲስ አበባ በአስራ ሁለት ኪሎ ሜትር ትበልጣለች። ያውም አስፋልት ሳያስፈልጋት። አዲስ አበባን የቀደምንበት ነገር ቢኖር ይሄ ነው። ይሄን ፍሥሐ ያውቀዋል? ቢያውቅ ለማን ነገረ?

ሐምሌ 2፣ ረቡዕ

ትምህርት ተዘግቷል። ግቢው ውስጥ እኔና ቁራዎቹ ብቻ። ዛሬ አጭሩ ቀን ነው። ልዩነቱን ለማየት ሞኝ ሆኜ ሰዓቴን አፍጥጬ አየሁ። ምን ሊታይ? ሚሊ ሴኮንድ ከምናምን ነው። ዓይን እስኪርገበገብ ድረስ መቶ ጊዜ ያልፋል።

ሐምሌ 6፣ እሁድ

ገዘር ሄጄ ዋልኩ። ከጸሎት በኋላ አስካለ ደጅ ላይ ሰው ተሰበሰበ። ጎረቤቷ አንጁሎም ነበር፤ አብረን ያደግን ነን። ነገርኳቸው። አማርኛውን በአሪኛ እየቀላቀልኩ። “ምድር እየሮጠች ነው፣ ቀኑ እያጠረ ነው፣ የዓለም ሊቃውንት ደንግጠው በሰዓት ሲለኩ ነው የሚያድሩት” አልኩ። እንዴት ጸጥ ብለው ሰሙኝ! አስካለ እጇን አፏ ላይ አድርጋ። አንዲት አሮጊት “ታዲያ ምን ሊመጣ ነው?” አሉ። “እሱን ጊዜ ያሳየናል” አልኳቸው።

ስንት እንዳጠረ ልነግራቸው ስል ሚኒባሱ መጣ።

እንዲህ ተሰምቼ አላውቅም። እዚያ ፕሮፌሰር የሚል የለም። ወንበርም አላስፈለገኝ።

ሐምሌ 14፣ ሰኞ

ወሬው ከተማውን ሞላው። ሻይ ቤት ውስጥ ስልክ ይዘው ቲክቶክ ያሳያሉ፤ ሰው ከመሬት ተነስቶ እንደ ላባ ሲበር፣ ሕንጻ ሲነቀል። ነገ ነው ይላሉ። ሐምሌ 15።

ተናደድኩ። ስለ እውነቱ ብትጠይቁኝ እኮ ከዚህ የበለጠ ያስገርማል! ምድር በጣም ብትፈጥን፣ በብዙ ማለቴ ነው፣ ባሕሩ ወደኛ ወደ ምድር ወገብ ያብጣል። ሰውም ሚዛን ላይ ትንሽ ይቀላል። በጣም ብትዘገይ ደግሞ ውሃው ወደ ሁለቱ ጫፎች ይሸሻል። ቀኑ ባለ አርባ ስምንት ሰዓት ሆነ እንበል። ሃያ አራት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ። ካኮ ቆላ ያለው ፍየል ስንት ሰዓት ላይ ነው ወደ ቤት የሚመለሰው? በረሃዋ ኦሞራቴ በአስራ ሁለቱ ሰዓት ፀሐይ እንዲያ የምትፈጅ፣ በሃያ አራቱ ምን ልትሆን? የእንሰት ቅጠል ይጠበሳል። ሌሊቱ ደግሞ ሃያ አራት ሰዓት ብርድ። ንቡ፣ ዶሮው፣ እርጉዟ ላም... ሁሉም በውስጡ ሰዓት አለው። ሁሉም ይሳሳታል።

ግን ይሄ በእልፍ አእላፍ ዓመት እንጂ ነገ አይደለም። ለሻይ ቤቱ ሰው ይሄን ሳስረዳ አስተናጋጇ ትጊ “ጋሼ፣ ሻይዎ ቀዘቀዘ” አለችኝ። ሰሚ ያገኘሁት ሻዩን ነው።

ሐምሌ 16

ማንም አልበረረም።

ሐምሌ 20፣ እሁድ

ሩቲ ደወለች። ወንጌላዊ ልዑልቃል የሚባል፣ ከሌላ አገር የመጣ ሰው፣ ገዘር ላይ የሦስት ቀን ጉባኤ አዘጋጅቷል። ከ27 እስከ 29። አጭሩ ቀን ላይ ያበቃል። “ቀኖቹ አጥረዋል፣ ለማን ነው የምታከማቹት?” እያለ ነው አለችኝ። እንግዳ ከየቦታው ይመጣል። የገዘር ሰው ደግሞ እንግዳ ሳይበላ አያሳድርም፤ እያንዳንዱ ቤት ስንት ሰው እንደሚያበላ ተደልድሏል። የአስካለ ቤት አስራ አምስት።

እኔም አማኝ ነኝ። የምጣላው ከእምነት ጋር አይደለም። የቀኑ ማጠር በሬዲዮ ተነገረ፣ እሱ ከሬዲዮው ላይ ቁጥሩን ቆርጦ ጣለ። እኔ የምለው ይሄን ነው።

ኦርጋን የሚመታው ማን ነው ብትሉኝ... ቲቸር ፍሥሐ።

ሐምሌ 24፣ ሐሙስ

ፍሥሐን ደመወዝ ሊፈርም ሲመጣ በር ላይ ያዝኩት። ስለ ጉባኤው ጠየቅኩት። አንተ እኮ ታውቀዋለህ፣ ሚሊ ሴኮንድ እንደሆነ ንገራቸው አልኩት።

“ጋሽ ለማ፣ ሰው ቢጸልይ ምን ይጎዳዎታል?”

“ጸሎቱ አይጎዳኝም። ማከማቸት ተዉ የተባለው ነው የሚጎዳው። ገበሬ ናቸው።”

ሳቀ። እኔ ኦርጋን ነው የምመታው፣ አልሰብክም አለኝ። ሄደ። ደግሞ ከበሩ ዞር ብሎ ወንበር ልላክልዎ ወይ? አለኝ።

ሐምሌ 27

ሁለተኛው ዘበኛ ታሞ ቀረ። ግቢውን ጥዬ መሄድ አልችልም። አስካለ ስልኳን አታነሳም። ኔትወርክ ነው? ወይስ ዝማሬው ውስጥ አይሰማትም?

ሐምሌ 29፣ ማክሰኞ

ፀሐይዋ ገባች። ነገም ትወጣለች። ምን ልጽፍ?

ነሐሴ 3፣ ቅዳሜ

አንጁሎን ገበያ አገኘሁት። ሰላም ሲለኝ ዓይኔን አላየም።

ቀስ በቀስ ነው ያወጣሁት። የመጨረሻው ቀን ወንጌላዊው መድረክ ላይ ሆኖ “እዚህ የሳይንስ ሰው አለ፣ እሱ ይመስክር” አለ። ፍሥሐን ከኦርጋኑ አስነስቶ ማይክራፎን ሰጠው። ቀኑ አጥሯል ወይስ አላጠረም? ብሎ ጠየቀው።

“አጥሯል” አለ ፍሥሐ።

ተቀመጠ። በቃ። ሕዝቡ አለቀሰ።

አስካለስ? አልኩት። አንጁሎ ከረጢቱን ማሰር ጀመረ። መጀመሪያ ሰባቱን ብቻ ነበር የነቀለችው፣ ለእንግዳ። ያልደረሰ እንሰት ውሃ ነው፣ ሰባቱ ምንም አልወጣቸውም። ከዚያ ምስክርነቱ ተሰማ። ያን ጊዜ የቀሩትንም... ሴቶቹ በደቦ መጥተው ፋቁላት። ከጉባኤው ለሚመለሰው መንገደኛ ስንቅ ሆነ።

“ሁሉንም?”

“አንተም ብለሃል አለች እኮ” አለኝ።

ነሐሴ 4፣ እሁድ

አርባ ጉድጓድ። ዝናብ ውሃ ሞልቶባቸዋል። ቆጠርኳቸው። ለምን እንደቆጠርኩ እንጃ፣ አርባ እንደሆኑ አውቃለሁ እኮ። ዳር ላይ ችግኝ የሚያወጡት እናት እንሰቶች ነበሩ፣ እነሱም የሉም።

አስካለ በር ላይ ተቀምጣ ነበር። ምነው ደውለሽ ብትጠይቂኝ? አልኳት።

“ምን ልጠይቅህ ወንድሜ? እየሮጠች ነው ያልከኝ አንተ አይደለህ? ወንጌላዊው ሲል፣ ለማም ብሏል አልኩ። ቲቸሩ ሲል፣ ለማም ብሏል አልኩ። የተማራችሁት ሁሉ አንድ ቃል ስትናገሩ እኔ ማን ሆኜ ነው የምጠራጠረው?”

የተማራችሁት። ከተማሩት ጋር ቆጠረችኝ። ይቺን ቃል ከሰው አፍ ለመስማት ሃምሳ ሁለት ዓመት ጠብቄያለሁ። ሰማኋት። ባሏ በተከለበት ጓሮ፣ ጉድጓድ አፋፍ ላይ።

ነሐሴ 11፣ እሁድ

ልጻፈው።

ሐምሌ 6 ላይ “ሚኒባሱ መጣ” ብዬ ጽፌያለሁ። ውሸት ነው። ሚኒባሱ እስኪሞላ አንድ ሰዓት ቆሞ ነበር። እኔም ውስጡ ተቀምጬ ነበር፣ አስካለና አንጁሎም በመስኮቱ በኩል ቆመው ያዋሩኝ ነበር። ስንት እንደሆነ ለመንገር አንድ ሰዓት ነበረኝ። አልነገርኩም። ብነግራቸው “ኧረ ይቺማ ምንም አይደለች” ብለው ይበተኑ ነበር። አፋቸውን ከፍተው እንዲቀሩ ፈለግኩ።

ለራሴ ደብተር ዋሸሁ። ትምህርት ተዘግቶ ማን ሊያነበው ኖሯል? እየዋሸሁ የነበረው ለማን ነው?

ዛሬ ሒሳቡን ሠራሁ። አንድ እንሰት እስክትደርስ ስድስት ዓመት። በስድስት ዓመት ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ቀን እንደዚያ እንደ አጭሩ ቀን ቢያጥር እንኳን፣ ሚሊ ሴኮንድ ተኩል፣ ሁሉ ተደምሮ... ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት። ሦስት ሴኮንድ ከምናምን። ያውም ሁሉም ቀን እንደዚያ አያጥርም።

ሦስት ሴኮንድ! ደወሉን አንዴ መትቼ ድምፁ ሳይጠፋ ያልቃል። ለዚህ ነው አርባ እንሰት የተነቀለው።

ጳጉሜ 3፣ ሰኞ

ፍሥሐ ዝናብ ይዞት ጥበቃ ቤት ገባ። ዕድሌ ነው። በሩን ዘጋሁት።

“ቲቸር፣ ገዘር ላይ ምን ብለህ ነበር?”

“አጥሯል ወይ ተባልኩ፣ አጥሯል አልኩ። ውሸት ነው?”

“አይደለም። ስንት ነው ያጠረው ብለሃል?”

“እሱን ማንም አልጠየቀኝም።”

“ተማሪህ ፈተና ላይ ‘ርቀቱ አምስት’ ብሎ ቢጽፍ፣ ሜትር ይሁን ኪሎ ሜትር ሳይል፣ ስንት ትሰጠዋለህ?”

“ዜሮ” አለ። ከአፉ አመለጠው። ወዲያው ቀላ። ሕዝብ እያለቀሰ መሀል ገብቼ ሚሊ ሴኮንድ ምናምን ልል ነው እንዴ፣ አንተ ብትሆን ትለው ነበር? አለኝ። ‘እርስዎ’ው ቀረ።

አንድ ሰዓት በቆመ ሚኒባስ ውስጥ የተቀመጥኩ ሰው ምን ልበል? ዝናቡ ሳያባራ ወጣ። ጃንጥላውን ረሳው።

መስከረም 12 ቀን 2018፣ ሰኞ

ትምህርት ተጀመረ። ሁለት ሰዓት ላይ ደወልኩ። አስራ አንደኛ ክፍል ሲሰለፍ ሩቲን በዓይኔ ፈለግኳት። የለችም። አብረዋት የተከራዩት ሁለቱ ልጆች በቦታዋ ሌላ ልጅ አስገብተዋል።

ኦሞራቴ ናት። ምግብ ቤት ውስጥ ዕቃ ታጥባለች። ከኔ ጋር ትኑር፣ የቀመስኩትን ትቀምሳለች ብዬ ለምኜ ነበር። አስካለ “እሷስ ካንተ ትብላ። ታናናሾቿስ?” አለችኝ። ልክ ናት። ሩቲ ራሷን ለማብላት አይደለም የሄደችው።

ትናንት ደወልኩላት። ወንፊት ውስጥ እንዳለ ውሃ ድምፅዋ ይቆራረጣል። “አጎቴ፣ እዚህ ወንዙ ዳር ፀሐይዋ ስትገባ በደንብ ትታያለች። ምድር ስትዞር አየኋት” አለችኝ። ልታጽናናኝ ነው። እኔን!

ፍሥሐ ዛሬ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ገባ። ምድር በሺህ የተከፈለች ሴኮንድ ስትሳሳት ዓለም ዜና ይሠራባታል።

መስከረም 19፣ ሰኞ

ትናንት ገዘር ላይ ቆምኩ። ከጸሎት በኋላ፣ ሰው ሳይበተን፣ ደጁ ላይ። አንጁሎ ድንጋይ አመጣልኝ፣ ወጣሁበት። በስሜ ጀመርኩ። ለማ ነኝ፣ ዘበኛ ነኝ፣ ሐምሌ 6 ያስፈራኋችሁ እኔ ነኝ አልኩ። ቁጥሩን አውቄ ሸሸግኩ፣ ደስ ስላለኝ። ከዚያ ቁጥሩን ነገርኳቸው። ሦስት ሴኮንድ ከምናምን። የቆጠርኩት በጭብጨባ ነው፤ ሦስት ጊዜ አጨበጨብኩ። ይሄው፣ የስድስት ዓመቱ ይሄው ነው አልኩ።

ማንም አልሳቀም። ያቺ አሮጊት “እና እንትከል ነው የምትለው?” አሉኝ። “ትከሉ” አልኩ። አስካለ ራሷን ሸፍና ነበር። አቀፈችኝ አልልም። አላቀፈችኝም። አንድ ሰውዬ ግን “አንተስ ተናገርክ፣ ያ ቲቸር ግን አጥሯል ብሎ መስክሯል፣ ማንን እንመን?” አለኝ። እሱን ጠይቁት አልኩ። እውነትም፣ እሱ ሳይናገር የኔ የዘበኛ ቃል ነው። ፈረንጅ አገር የተለካውን አርባ ጉድጓድ አጠገብ ማን ያምነኛል?

ስለዚህ ዛሬ ደብተሩን አልደብቅም። ጠረጴዛው ላይ፣ እዚሁ ገጽ ላይ ከፍቼ እተወዋለሁ። ጃንጥላህንም ላዩ ላይ። ትመጣለህ፣ አውቃለሁ። ሰኔ ላይ እስከ መጨረሻው አንብብ ያልኩህ አንተን ነው፤ ስምህን አልጻፍኩም እንጂ ያኔም አውቄሃለሁ። እዚህ ድረስ ከደረስክ ስለ ራሴ የጻፍኩትንም አንብበሃል። አልሸሸግኩም። አሁን ተራው ያንተ ነው።

ለኔ አይደለም የምትመልሰው። እዚህ ጥበቃ ቤት ውስጥ በሹክሹክታም አይደለም። እሁድ ገዘር ላይ፣ ያንኑ ማይክራፎን ይዘህ፣ አስካለ ፊት። ኦሞራቴ ያለችው ልጅ እንድትሰማ በስልክ እቀዳልሃለሁ። ጥያቄው አንድ ነው፣ ያን ቀን ያልተጠየቅከው። አሁን በሰው ሁሉ ፊት ተጠየቅክ፤

ቲቸር ፍሥሐ፣ ቀኑ ያጠረው ስንት ነው?